የመጀመሪያው እምቢታ

ብፅዓት ኤምሪስን የወደደችው ዝም ባለበት ሰሞን ነው። ይህን ስትናገር ሰው ይስቅባታል፤ ኤምሪስ ፓውልን ዝም ብሎ ያየው የለማ።

እሷ በምዕራብ ለንደን ባለ አንድ ሆስፒታል የድምፅ ቴራፒስት ናት። ዘፋኙ፣ አስተማሪው፣ ሰባኪው፣ ገበያ መሀል ሲጮህ የሚውለው ሙዝ ሻጭ፣ ድምፁ የተዘጋበት ሁሉ ከሐኪሙ ቀጥሎ ወደ እሷ ይመጣል። አንድ ማለዳ ቀይ ጢሙን ያንዠረገገ ሰፊ ሰው ገብቶ ተቀመጠ። ጉሮሮው ኦፕራሲዮን ተደርጎ ሁለት ሳምንት ድምፅ እንዳያወጣ ተከልክሏል። ከኪሱ ካርድ አወጣና ጻፈ፦ «የዌልስ ሰው ነኝ። ዝም በል ማለት ለእኔ አትተንፍስ ማለት ነው።»

ብፅዓት አልሳቀችም።

ሁለተኛ ካርድ አወጣ። «በቴሌቪዥን ያስቃል ይሉኛል።»

«ቴሌቪዥን የለኝም» አለች። ውሸቷን ነው።

ሰውየው ካርዱን አስቀምጦ እጆቹን አነሳ። በጣቶቹ ብቻ በሽተኛ በተራ የምትጠራውን ልጅ ኮረጃት፤ ቀጥሎ የብፅዓትን አለቃ፣ መነጽሩን በየደቂቃው ወደ ላይ የሚገፋውን ሐኪም። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የሰው ሲኮረጅ የሚያስቀው ኮራጁ ወደ ራስ ቤት እስኪመጣ መሆኑን ያን ጊዜ ማን አሰበው?

ሕይወቱንም በካርድ ነው የነገራት። የተወለደው የከሰል ጉድጓዱ ተዘግቶ ሰዉ ብቻ በቀረበት ሸለቆ ውስጥ ነው። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ፤ ሥራው ሲቀር አቧራው ከሳንባቸው አልቀረም። ልጅ ሆኖ በጸሎት ቤታቸው ይዘምር ነበር። አንድ ቀን ቀብር ላይ ከፍ ያለውን ዜማ ሲይዝ የጉርምስና ድምፁ ተሰበረና እንደ ዶሮ ጮኸ። ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ፤ ባሏን የቀበረችው ሴትዮ ሳትቀር። እንጀራውን ያገኘው ያን ቀን ነው። ከዚያ በየሠራተኛው ክበብ በቢንጎና በሎተሪ መሀል ቀለደ፤ በባሕር ዳር መዝናኛ ቁርስ ለሚበሉ ሰዎች ዘፈነ። ለንደን መጥቶ ዓመታትን ኦዲሽን፣ የችሎታ ፈተና፣ ሲገባ ኖረ። «በጣም ግሩም ነበር፤ እንደውልልሃለን» ይሉታል፤ አይደውሉም። በመጨረሻ ለታዋቂነት ያበቃው የአባቱ ሳል ነው። አባቱ ፊት ለፊት በተቀመጡበት መድረክ ላይ ሳላቸውን ኮረጀ። አባቱ ከሳቅ ብዛት እውነተኛው ሳል መጣባቸውና አዳራሹ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተው። በዓመቱ አባቱ ሞቱ። ሳሉን ግን ከትርኢቱ አላወጣውም።

አሁን ሥራው እንደዚያው ነው። የሚያውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ሲያርድ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ በዌልስኛ አንድ መዝሙር ይዘምራል። ሰዉ ዓይኑን እየጠረገ ይወጣል። ጋዜጦች «አስቆ የሚያስለቅስ» ይሉታል። የሚቀለድባቸው ሰዎች ቤት ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነበር።

የዝምታው ጊዜ ሲያበቃ መጀመሪያ ያወጣው ቃል ስሟን ነው። አበላሸው። ደግማ ደጋግማ አስተማረችው፤ እሱም ቶሎ እንዳይችለው ተጠነቀቀ።

ካለፈው ወር ወዲህ ግን በመሀላቸው አንዲት ነገር አለች። መድረክ ላይ ቆሞ፣ «ፍቅረኛዬ የምትወደኝ አፌን ስዘጋ ነው፤ ለዚህም መንግሥት ደመወዝ ይከፍላታል» አለ። ብፅዓት አምስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። የማታውቀው ሕዝብ ሁሉ በእሷ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ወደ ቤት ስትመለስ ባስ ውስጥ በመስኮቱ መልኳን አየች። አላኮረፈችም። አስቀመጠችው።

*

ሽማግሌ እንዲልክ ያለችው እሷ ናት።

«ሽማግሌ ምንድን ነው?» አላት ኤምሪስ።

«ኤጀንት ነው። ኮሚሽን የማይበላ።»

በጣም ወደደው። ሦስት ሰው ሰበሰበ። አንዱ ደግፌ ነው፤ በየትርኢቱ ድምፅ ማጉያውን የሚያስተካክልለት፣ ጸጉሩ የሸበተ የአዲስ አበባ ሰው። ሁለተኛው የደግፌ ንስሐ አባት። ሦስተኛው ከዌልስ በባቡር የመጡት አጎቱ ኦወን፣ የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ፣ ለቀብር ብቻ የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ የለበሱ። ጠያቂው ራሱ አይገባምና ኤምሪስ ከቤቱ ማዶ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ቤቱ ሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን ነው። የብፅዓት አባት ጋሽ መርዕድ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው። ያ እጅ ከኪስ ከወጣ ቆይቷል። የሶፋ መጋዘን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያነሱና ሲያስቀምጡ ኖረው ጡረታ በወጡ ማግስት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሊጨብጣቸው ሲመጣ በራሳቸው ብቻ ጎንበስ ይላሉ። «መርዕድ እንግሊዝ አገር ጡረታ ወጣና ኮራ» ተባለ። ሰሙ፤ ደስም አላቸው። ታመመ ከሚባል ኮራ ቢባል ይሻላቸዋል። ምስጢሩን የሚያውቁት ሚስታቸው እትዬ ሮማንወርቅና ብፅዓት ብቻ ናቸው። ማለት፣ ብፅዓት አንድ ቀን ሆድ ብሷት በራሷ እጅ እያሳየች ለኤምሪስ እስክትነግረው ድረስ።

እናትና ልጅ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆመው ያዳምጣሉ።

«ኧረ ቁጭ በሉ» አሉ ጋሽ መርዕድ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄሱ። ጉዳይ ያለው ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው። ኦወን ግራ ቀኝ አዩ፤ ጉልበታቸውን እያሹ እሳቸውም ቆሙ።

ቄሱ ከአዳም ጀምረው እስከ ኤምሪስ ደረሱ።

«ሥራው ምንድን ነው አላችሁኝ?» አሉ ጋሽ መርዕድ።

«አርቲስት ነው» አለ ደግፌ። «ይዘምራል፤ ያስቃል።»

«በምንድን ነው የሚያስቀው?»

ደግፌ ወደ ቄሱ ዞር አለ። «በ… በኑሮ።»

«ኑሮ ያስቃል እንዴ?»

«ያንተን አላየማ!» አሉ እትዬ ሮማንወርቅ በሹክሹክታ። ብፅዓት አፏን በመዳፏ ያዘች።

ጋሽ መርዕድ ሦስቱንም ተራ በተራ አዩ። በመጨረሻ፣ «ለዛሬው አይሆንም» አሉ። «አገሩን አናውቅ፣ ዘሩን አናውቅ። ዘመድ ላማክር። የሳምንት እሁድ ተመለሱ።»

እትዬ ሮማንወርቅ ልጃቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ሰጠ! እንዳይሰሙ ብዬ ነው እንጂ ዕልል ባልኩ! እኔን ሲጠይቁኝ አባቴ ሦስት ጊዜ ነው የመለሷቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው መሀል አንዱ ሽማግሌ ሞቶ ተተካ።»

በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን የሚገፋት ይመስልበታል። ይህን ኤድመንተን ውስጥ ያለ የሐበሻ ድመት እንኳ ያውቀዋል።

እንግዶቹ እንደወጡ ጋሽ መርዕድ፣ «ረጅም ነው?» አሉ።

«ማን?»

«ልጁ ነዋ። የመኝታ ቤቱን አምፖል የሚቀይር ሰው ጠፍቷል።» ከዚያ ቀጠሉ፣ «እሁድ እሺ ከማለቴ በፊት ሥራው ላይ ልየው። ቅዳሜ ትወስጂኛለሽ። እንደመጣሁ አትንገሪው።»

መኪናው ውስጥ የተባለውን ብፅዓት የሰማችው ኋላ ነው። ደግፌ፣ «ጥሩ ነው፤ ደንቡ ነው፤ እሁድ ተመለሱ ብለዋል» ብሎታል። ኦወን ደግሞ፣ «አንተ ልጅ፣ እምቢታ በማንኛውም ቋንቋ ይገባኛል። ወንበር እንኳን አልሰጡንም» ብለውታል። ኤምሪስ የትኛውን ይመን? ዘመኑን ሁሉ «ግሩም ነበር፤ እንደውልልሃለን» ሲባል የኖረ ሰው ነው። የደግፌን ቃል ያውቀዋል። ኤጀንቱ ሲያጽናናው የሚለው ነው።

ስልኳ ላይ መልእክቱ መጣ። «አባትሽ እምቢ አሉ?»

ብፅዓት ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ አነበበችው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አምስተኛው ረድፍ ታወሳት። ከዚያ ያ የባሱ መስኮት። ትንሽ ይጨነቅ፤ ቅዳሜ አባባን ይዛለት ስትገባ ደስታው እጥፍ ይሆናል።

«አባቴ ያሉት ያሉት ነው» ብላ ጻፈች።

ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳችም። በሙያዋ ሰውን ሁለት ሳምንት ዝም ማሰኘት ለምዳለች፤ አንድ ሳምንት ምን አላት? በዚያ ሳምንት እንደ ሕፃን ተኛች። አንድ ሰው በእሷ ምክንያት እንቅልፍ እንዳጣ ማወቅ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር።

*

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሼፈርድስ ቡሽ፣ አንድ የድሮ ቲያትር ቤት። ትርኢቱ ለቴሌቪዥን ሪከርድ እየተደረገ ነው። ጋሽ መርዕድ ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ክራቫታቸውን እትዬ ሮማንወርቅ አስረውላቸዋል። እሳቸው ግን አልመጡም፤ «ጾም ይዤ ቀልደኛ አላይም» አሉ። ከኋላቸው ያለው ረድፍ ላይ ደግፌ ነፃ ቲኬት የሰጣቸው የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ወይዘሮ ፅዮን ተቀምጠዋል።

«ጋሽ መርዕድ! እርስዎም ወጣ ይላሉ?» አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

ጋሽ መርዕድ በራሳቸው ጎንበስ አሉ። የወይዘሮ ፅዮን እጅ አየር ላይ ቀርቶ ተመለሰ።

እንግሊዝኛቸው የመጋዘን እንግሊዝኛ ነው፤ አንሳ፣ አስቀምጥ፣ ሻይ ሰዓት። ስለዚህ ብፅዓት በጆሯቸው ልታስተረጉምላቸው ነው። መብራቱ ጠፋ። ኤምሪስ ወጣ። ጢሙ ተስተካክሏል፤ ዓይኖቹ ሥር ጠቁሯል። የሳምንቱ ሥራዋ ነው። ልቧ በደስታ ዘለለ።

«በዚህ ሳምንት» አለ ኤምሪስ፣ «የባልነት ኦዲሽን ገብቼ ወደቅሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። ብፅዓት ወደ አባቷ ዞረች።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ መርዕድ።

«ሥራ… ሥራ ፈልጌ አጣሁ ነው የሚለው።»

«ምስኪን።»

«ሦስት ሰው ላክሁ። ወንበር አልሰጧቸውም። አጎቴ ከከሰል ጉድጓድ ያተረፈውን ጉልበት ኤድመንተን ቀብሮት መጣ።»

«ምን አለ?»

«ስለ አጎቱ ጉልበት ነው።»

«እውነቱን ነው፤ ሰውየው ያነክሳሉ» አሉ በሐዘኔታ።

«አባትየው ዕድሜውን ሙሉ ሶፋ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። አንዱም ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ሌላው ሲቀመጥ ቢያመው አይፈረድበትም!»

ሳቁ እንደ ዝናብ ወረደ። ጋሽ መርዕድ ልጃቸውን አዩ። ብፅዓት ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «ታታሪ ሰው ናቸው ነው የሚለው።»

«እነማን?»

«እርስዎ።»

ጋሽ መርዕድ በግራ እጃቸው ክራቫታቸውን አቃኑ። «ሥርዓት ያለው ልጅ ነው» አሉ።

ብፅዓት ልትነሳ አሰበች። ክንዳቸውን ይዛ፣ አሞኛል ብላ፣ እሳት ተነሣ ብላ። አልተነሳችም። መድረኩ ላይ ኤምሪስ ማይኩን ማቆሚያው ላይ ሰካ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

ኪሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አፉ ‹አይሆንም› ይላል» አለ ኤምሪስ። ከዚያ እጁን አወጣው። አውራ ጣቱ ጠቋሚውን እያሸ፣ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር፣ ሌሎቹ ጣቶች እየተርገፈገፉ። እሷ ያሳየችው ነበር፤ እሱ አሻሽሎታል። አንድም ስህተት የለበትም። «እጁ ግን ‹ሰላም! ሰላም! ና ግባ!› ይላል።»

አዳራሹ ፈነዳ። ካሜራው ወደ እጁ ተጠጋ።

ብፅዓት «ምን አለ?» የሚለውን ጥያቄ ጠበቀች። ውሸት አዘጋጅታ ጠበቀች። ጥያቄው አልመጣም። ይህኛው ቀልድ አስተርጓሚ አልፈለገም።

ከኋላቸው ወይዘሮ ፅዮን ከሰው ጋር ሲስቁ ቆይተው በድንገት ተቋረጡ። «ውይ!» አሉ። ጎንበስ ብለው የጋሽ መርዕድን ትከሻ ነኩ። «እኔን! ጋሽ መርዕድ፣ እኛ እኮ ኮሩ ብለን ስናማዎት… እግዜር ይማርዎት።»

ጋሽ መርዕድ አልዞሩም። ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከእንግዲህ ምን ሊደበቅ? ሁለቱ እጆች፣ መድረክ ላይ ያለውና ጉልበት ላይ ያለው፣ እኩል ተንቀጠቀጡ።

ኤምሪስ መጨረሻ ላይ ተነስቶ መዝሙሩን ዘመረ። ያ ብፅዓት ራሷ ያዳነችው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ሕዝቡ አለቀሰ። ጋሽ መርዕድ እስኪያልቅ አዳመጡ።

«ድምፁ ጥሩ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ብፅዓትን ከሁሉ በላይ የቆረጣት ይህ እውነት ነበር።

*

«እንሂድ አባባ» አለች፤ «ወደ ቤት።»

«ቃል አለኝ። አስገቢኝ።»

ከመድረኩ ኋላ ባለው ጠባብ ኮሪደር ደግፌ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ሲያያቸው ገመዱን ለቀቀውና አንገቱን ደፋ። ኤምሪስ በሩን ከፍቶ አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ ቆሟል። መጀመሪያ ብፅዓትን አየና ፊቱ በራ። ቀጥሎ አባቷን አየ። ቀጥሎ እጃቸውን።

ጋሽ መርዕድ ለሰው ነፍገውት የኖሩትን ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ኤምሪስ በሁለት እጁ ያዘው። መንቀጥቀጡ ወደ እሱ ክንድ ተሻገረ።

«ንገሪው» አሉ ጋሽ መርዕድ።

«ምን ልበለው?»

«እሺ ብያለሁ በይው።»

«አባባ!»

«ቃሉን ከቤቴ ይዤ ነው የወጣሁት። ሼፈርድስ ቡሽ ላይ አልጥለውም። የእኔ ይኸው ነው፤ የቀረው ያንቺ ነው።» እጃቸውን አስለቅቀው ወጡ፤ ደግፌ ባመቻቸላቸው የድምፅ ማጉያ ሣጥን ላይ ተቀመጡ።

ብፅዓት ተረጎመች። ቃል በቃል፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትዋሽ።

«እሺ ብለው ነበር?» አለ ኤምሪስ።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«አይሆንም ብለዋል እኮ!»

«መጀመሪያ አይሆንም ይባላል። የምትፈለግ ልጅ ናት ለማለት ነው። ደንብ ነው። አያቴ እናቴን ሲጠየቁ ሦስት ጊዜ ከልክለዋል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንድትጨነቅ ፈልጌ።»

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «አስወጣዋለሁ። ከሪከርዱ ይቆረጣል፤ ዛሬውኑ።»

«ከወይዘሮ ፅዮን አፍ ማን ይቆርጠዋል?»

«ብፅዓት፣ ስሚኝ» አለ። ስሟን አስተካክሎ ጠራው። «አባቴንም እንደዚህ ነው የኮረጅኩት። በሳቅ ነው ያለቀሱት። እኔ የምኮርጀው የምወደውን ነው።»

«አባትህን ስትኮርጅ ዓይንህ አባትህ ላይ ነበር። ዛሬ ሕዝቡ ላይ ነበር።»

ኤምሪስ ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። ዝም ያለው ፊቱ ያ ካርድ የሚጽፈው ሰው ፊት ሆነ፤ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ልትሄድ ምንም አልቀራትም ነበር። ኮሪደሩ ላይ አባቷ ደግፌ የሰጣቸውን የውሃ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያፈሱት፣ ደግፌም ያላየ መስሎ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ተመለከተች።

ኤምሪስ ተንበረከከ። «አግቢኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እክሳቸዋለሁ።»

«አይሆንም» አለች።

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ከሆድ የወጣ፣ ለበሽተኞቿ የምታስተምረው ዓይነት ነበር። ኤምሪስ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በእንባው መሀል አንድ ነገር ሲበራ አየች። ፈጣን ተማሪ ነው፤ የተነገረውን አይረሳም።

«አይሆንም» ብሎ ደገመው፤ ፈገግ እያለ። «ገባኝ። የመጀመሪያው ነው። መቼ ልመለስ?»

የእሷ እምቢታ የእውነት መሆኑን ልታስረዳው ትችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አምስተኛው ረድፍ አልታወሳትም፤ ባሱም። የታወሳት ክራቫታቸውን ያቀኑበት ግራ እጅ ነው።

«እሁድ» አለችው።

*

እሁድ ኦወን ከዌልስ በባቡር ተመልሰው መጡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገና ከበሩ ሲገቡ እትዬ ሮማንወርቅ ሦስት ወንበር ደርድረው ጠበቋቸው፤ ዓይናቸው አብጧል።

«ጉዳያችንን…» ብለው ቄሱ ጀመሩ።

«ጉዳዩ አልቋል አባ» አሉ ጋሽ መርዕድ፤ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ በግልጥ ይርገፈገፋል። «ልጅቷ አልወደደችም። ቁጭ በሉ፤ ሻይ ጠጡ።»

ቄሱና ደግፌ ተያዩ። ቀስ ብለው፣ ለቀብር እንደመጣ ሰው ተቀመጡ። ምንም ያልገባቸው ኦወን ግን ጉልበታቸውን ይዘው በእፎይታ ዘፍ አሉ። ስልካቸውን አወጡና በአንድ ጣታቸው እየፈለጉ አንድ ነገር ጽፈው ላኩ።

ብፅዓት በወጥ ቤቱ መስኮት ማዶ የቆመውን መኪና ታያለች። ኤምሪስ ስልኩን አነበበ። ከመኪናው ዘሎ ወጣና ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ መንገዱ መሀል በደስታ ዞረ።

«ወንበር ሰጡን!» ብለው ነበር የጻፉለት።

ብፅዓት መጋረጃውን አልዘጋችም። አስቃ የማታውቅ ሴት ናት፤ የሰውን ፊት ያን ያህል ያበራችበት ሌላ ቀን ትዝ አይላትም።